በትራያትሎን ብስክሌት ላይ የሚመች አቀማመጥ ከየት ይጀምራል?

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የብስክሌቱ ርቀት 90 ኪሎ ሜትር ለሆነ የትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ የሚካሄዱበት) ውድድር በመዘጋጀት ላይ ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ለዚሁ ስፖርት ተብሎ የተሠራ ብስክሌት ገዝቼ፣ በፎቶግራፍ የማያቸውን ታላላቅ ተወዳዳሪዎች ለመምሰል ጎንበስ ብሎ ለመንዳት በመሪው ላይ የተገጠሙትን የክርን ማሳረፊያዎች መውረድ እስከሚችሉበት ድረስ አወረድኳቸው። የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች በጣም ፈጣን ነኝ። ከዚያ በኋላ ግን አንገቴ ይደርቃል፣ ኮርቻው ላይ የሚያርፈው አካሌ ይደነዝዛል፣ ወደ ኮርቻው ጫፍ እየተንሸራተትኩ በየደቂቃው ራሴን ወደ ኋላ እገፋለሁ። በመጨረሻም ቀና ብዬ መንዳት ግድ ይሆንብኛል። ከብስክሌት ወርጄ ስሮጥም እግሮቼ አይታዘዙልኝም። ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ይህን ሥቃይ መቀበል አለበት? ወይስ የሳትኩት ነገር አለ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሥቃዩን መቀበል የለብዎትም። የዘረዘሯቸው ችግሮች የተለያዩ ቢመስሉም ከአንድ ምንጭ የሚመጡ ይመስለኛል፤ አቀማመጥዎን ማስተካከል የጀመሩት ከፊት ነው፣ መጀመር የነበረበት ግን ከዳሌ ነው። የክርን ማሳረፊያው ከፍታ በመጨረሻ የሚወሰን ነገር ነው።

ጎንበስ የማለት ፍላጎትዎ በራሱ ስሕተት አለመሆኑን ግን አስቀድሜ ልናገር። በሜዳማ መንገድ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚጓዝ ብስክሌተኛ ትልቁ እንቅፋት አየር ነው፤ ከአየሩ ጋር የሚጋፋውም በአብዛኛው ብስክሌቱ ሳይሆን የነጂው አካል ነው። አየርን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በእኩል መጠን አይደለም የሚያድገው። ፍጥነት ከ30 ወደ 36 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በ20 በመቶ ሲጨምር፣ አየሩን ለማሸነፍ ብቻ የሚወጣው ኃይል ከ70 በመቶ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ክርንን አሳርፎና ጀርባን አስተኝቶ መንዳት፣ በእግር ጉልበት ብቻ ለማግኘት ብዙ ወራት የሚጠይቅ ጥቅም ይሰጣል። በ1989 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ቱር ደ ፍራንስ፣ በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ አሜሪካዊው ግሬግ ሌሞንድ የመጨረሻውን ቀን የጀመረው በ50 ሰከንድ ተቀድሞ ነበር፤ እያንዳንዱ ነጂ ለብቻው ከሰዓት ጋር በሚሽቀዳደምበት የ24.5 ኪሎ ሜትር ውድድር ትራያትሌቶች ቀድመው የለመዱትን የክርን ማሳረፊያ ያለውን መሪ ተጠቅሞ ፈረንሳዊውን ሎራን ፊኞን በጠቅላላ ውጤት በ8 ሰከንድ አሸነፈው። ይህ ታሪክ ሲነገር የሚዘነጋው ነገር ግን ሌሞንድ ያንን አቀማመጥ መያዝ የነበረበት ከ27 ደቂቃ ላነሰ ጊዜ መሆኑ ነው። እርስዎ ከሁለት ሰዓት ተኩል ያላነሰ ጊዜ ሳይይዙት አይቀሩም፤ ከዚያም ወርደው 21 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ።

ልዩነቱን በቀላል ስሌት እንየው። 90 ኪሎ ሜትሩን በሙሉ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር የነዳ ሰው በ154 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። የመጀመሪያዎቹን 30 ደቂቃዎች በ36 ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ ከዚያ ሰውነቱ እንቢ ስላለው ቀና ብሎ የቀረውን በ32 የነዳው ግን 165 ደቂቃ ይፈጅበታል። ምቾትና ፍጥነት እንደ ተቃራኒ ነገሮች መታየታቸው ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው፤ በረጅም ርቀት ላይ አየርን የሚቀንሰው አቀማመጥ እስከ መጨረሻው ሊያዝ የሚችለው ብቻ ነው።

ወደ ዳሌው እንመለስ። ከኮርቻው ወደ ፔዳሉ ማዕከላዊ ዘንግ የሚወርደው ቱቦ በተለመደው የጎዳና ብስክሌት ላይ ከ72 እስከ 74 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ በትራያትሎን ብስክሌት ላይ ግን ከ76 እስከ 80 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቀጥ ይላል። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ሰው በጎዳና ብስክሌት ላይ የተቀመጠበት አኳኋን ምንም ሳይለወጥ፣ መላ አካሉ በማዕከላዊው ዘንግ ዙሪያ ጥቂት ወደ ፊት ዞረ ብለው ያስቡ። ኮርቻው ወደ ፊት ይመጣል፣ ጀርባው ዝቅ ይላል፣ በጭኑና በሆዱ መካከል ያለው ክፍተት ግን እንደ ነበረ ይቆያል። የብስክሌቱ ንድፍ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። እርስዎ ያደረጉት ኮርቻውን ባለበት ትተው የብስክሌቱን ፊት ብቻ ማውረድ ስለሆነ፣ ፔዳሉ ወደ ላይኛው ጫፍ በደረሰ ቁጥር ጭንዎ ሆድዎን ይጫናል፤ ዳሌዎ ወደ ፊት ማዘንበል ሲያቅተው ጀርባዎ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ጀርባ ያለው ሰው መንገዱን ለማየት አንገቱን ይበልጥ መቀልበስ ይኖርበታል፤ መቀመጫዎም የተሻለ ቦታ ፍለጋ ወደ ፊት ይንሸራተታል። መንሸራተትዎን አይቆጡት፤ አካልዎ መቀመጥ የሚፈልግበትን ቦታ እየነገረዎት ነው። ኮርቻው ራሱ ወደዚያ ይሂድለት።

የመጀመሪያው ሥራ እንግዲህ የክርን ማሳረፊያዎቹን በጥቂት ሴንቲ ሜትር መልሶ ከፍ ማድረግ፣ ኮርቻውንም ወደ ፊት ማምጣት ነው። ኮርቻ ወደ ፊት ሲመጣ ወደ ፔዳሉ ስለሚቀርብ፣ በየአንድ ሴንቲ ሜትሩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል ያስፈልጋል። ቁመቱን ለመፈተሽ ፔዳሉን ወደ ታች አውርደው ተረከዝዎን ያሳርፉበት፤ ዳሌዎ ወደ ጎን ሳያጋድል እግርዎ ልክ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ የእግርዎን ፊተኛ ክፍል በቦታው ሲያደርጉ ጉልበትዎ በመጠኑ ይታጠፋል፤ ፔዳሉን ሳያዞሩ ሲለካ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያለው መታጠፍ ለአብዛኛው ሰው ይስማማል።

ስለ መደንዘዙ ጠበቅ አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰዎች አፍረው የሚደብቁት፣ ጓደኞቻቸውም ይለመዳል እያሉ የሚያሳልፉት ጉዳይ ነውና። መደንዘዝ ነርቭና የደም ሥር መጫናቸውን የሚያመለክት ምልክት እንጂ የልምምድ አካል አይደለም። ቀና ብለን ስንቀመጥ ክብደታችን በሰፊዎቹ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ያርፋል፤ ዳሌ ወደ ፊት ሲያዘነብል ግን ክብደቱ ወደ ፊተኛው የዳሌ አጥንትና በመካከሉ ወዳለው ለስላሳ አካል ይሄዳል። ለጎዳና ብስክሌት የተሠራ፣ ጫፉ ረጅምና ጠባብ የሆነ ኮርቻ ለዚህ አልታሰበም። ጫፉ ለሁለት የተከፈለ ወይም አጠር ብሎ የተቆረጠ ኮርቻ በርካታ ትራያትሌቶችን ከዚህ ችግር ያወጣው፣ ክብደቱን ከመካከል አንሥቶ በግራና በቀኝ ባሉት አጥንቶች ላይ ስለሚያሳርፈው ነው። ጫፉን አንድ ሁለት ዲግሪ ወደ ታች ማዘንበልም ይረዳል፤ ከዚያ ካለፈ ግን እንደገና መንሸራተት ይጀምሩና ክብደትዎ በሙሉ በትከሻዎ ላይ ይወድቃል። ከብስክሌት ከወረዱ በኋላ የማይለቅ መደንዘዝ ካለ ሐኪም ማማከርን አያዘግዩ።

ዳሌው ቦታውን ሲይዝ የፊቱ ሥራ ይቀልላል። መመሪያው የላይኛው አካል በጡንቻ ሳይሆን በአጥንት እንዲደገፍ ነው፤ ክርን ከትከሻ ትክክል ሥር ወይም ጥቂት ቀደም ብሎ ሲያርፍ የላይኛው ክንድ እንደ ምሰሶ ይሸከማል፣ ትከሻም ያርፋል። ክርኑ በጣም ወደ ፊት ከሄደ አካሉ ይወጠራል፤ ወደ ኋላ ከቀረ ደግሞ ጉልበትና ክንድ ይጋጫሉ። ማሳረፊያው መንካት ያለበት የክርኑን አጥንት ሳይሆን ከእሱ ትንሽ ቀደም ያለውን ሥጋማ ክፍል ነው። ከፊት የሚወጡት ዘንጎች ርዝመት፣ እጅ ሳይዘረጋጋ የማርሽ መቀየሪያውን እንዲይዝ የሚያስችል ይሁን፤ ጫፋቸው በመጠኑ ወደ ላይ ቢያዘነብል አካልን ከመንሸራተት ይይዛል፣ የእጅ አንጓንም ያሳርፋል። የሁለቱን ማሳረፊያዎች ርቀት በተመለከተ፣ በትከሻ ስፋት ጀምረው በየሳምንቱ በጥቂቱ ያቀራርቧቸው፤ መተንፈስ ከከበደዎት ወይም ብስክሌቱ ከተወላገደብዎት ወደ ነበሩበት ይመልሷቸው።

አንገትን በሚመለከት አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ አየሩን የሚያገኘው ጀርባዎ ብቻ ሳይሆን ጭንቅላትዎም ነው። ማሳረፊያው ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ትከሻቸው ዘና ብሎ ጭንቅላታቸውን በትከሻዎቻቸው መካከል ዝቅ ማድረግ የሚችሉ ሰዎች አሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው የብስክሌቱ ፊት ከፍ ብሎም ፍጥነት ላያጣ፣ እንዲያውም ሊያገኝ ይችላል። የመነጽርዎ የላይኛው ጠርዝ እይታዎን የሚከልል ከሆነም አንገትዎ በየጊዜው ይቀለበሳልና መነጽሩን ይቀይሩ።

ለውጡን እንዴት እንደሚፈትኑት ልንገርዎ። ብስክሌቱን ቤት ውስጥ በማይንቀሳቀስ መለማመጃ ላይ አስተካክለው አግድም ያድርጉት፤ በስልክ ካሜራ ከጎን፣ በዳሌ ከፍታ ይቅረጹ። የአምስተኛውን ደቂቃ ምስል ሳይሆን የአርባኛውን ይመልከቱ፤ ሰው ሲደክም የሚቀመጥበት አቀማመጥ እውነተኛው ነው። ከመጀመሪያው ማስተካከያ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ ከ5 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ መጠን ይለውጡ፤ የቀድሞውን ልክ ጽፈው ይያዙ፤ ከመፍረድዎ በፊትም ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ ይንዱበት። ኃይልን በዋት የሚለካ መሣሪያ ካለዎት በተመሳሳይ ዋት ቀና ብለውና ጎንበስ ብለው የልብ ምትዎን ያወዳድሩ። ጎንበስ ሲሉ የልብ ምትዎ በጉልህ የሚጨምር ከሆነ የዳሌዎ መታጠፊያ አሁንም ጠብቧል ማለት ነው። የመጨረሻው ፈተና ሩጫው ነው፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጉዞ በኋላ ወዲያው ወርደው 15 ደቂቃ ይሩጡ። እርምጃዎ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ካልተከፈተ ፊቱን ጥቂት ከፍ አድርገው ይድገሙት።

ጥያቄ፦ ያለኝ የጎዳና ብስክሌት ብቻ ነው። በመሪው ላይ የሚታሰር የክርን ማሳረፊያ ብገጥምለት ይበቃኛል?

መልስ፦ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሚገባ ይበቃዎታል። ችግር የሚፈጠረው ማሳረፊያውን አስሮ ሌላውን ሁሉ እንደ ነበረ ሲተዉት ነው፤ መሪው ቀድሞውኑ ለተዘረጋ እጅ የተሠራ ስለሆነ፣ ክርን በላዩ ሲያርፍ አካል ከመጠን በላይ ይዘረጋል። ኮርቻውን አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት አምጥተው በየአንድ ሴንቲ ሜትሩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት፤ መሪውን ከሹካው ጋር የሚያያይዘውን ክፍል በአጭር መቀየር፣ ከማሳረፊያው ሥር ከፍ የሚያደርግ ማስደገፊያ መጨመርም ይረዳል። ክብደትዎ ወደ ፊት ጎማ ስለሚሄድ ቁልቁለትና ኩርባ ላይ ብስክሌቱ ከለመዱት የተለየ ጠባይ ይኖረዋል፤ በተለይ እጅዎ ከፍሬኑ ርቆ እያለ። ወደ ኩርባ ሲቃረቡ፣ የጎን ነፋስ ሲበረታና በሌሎች ብስክሌቶች መካከል ሲሆኑ እጅዎን ወደ ፍሬኑ ይመልሱ። ከሌላ ብስክሌተኛ ኋላ ተጠግቶ መንዳት በሚፈቀድባቸው ውድድሮች ማሳረፊያው በሕግ ሊገደብ ወይም ሊከለከል ስለሚችል ደንቡን አስቀድመው ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ቁመቴ አጭር ነው። ጎንበስ ስል ጉልበቴ ደረቴን ሊነካ ይደርሳል። ኮርቻውን ወደ ፊት አምጥቻለሁ፣ ፊቱንም ከፍ አድርጌያለሁ፣ ለውጡ ግን ጥቂት ነው።

መልስ፦ ወደ ፔዳሉ ክንድ ይመልከቱ፤ ብስክሌተኞች ክራንክ የሚሉትን ማለቴ ነው። ብዙ ብስክሌቶች ከ170 ወይም ከ172.5 ሚሊ ሜትር ክንድ ጋር ይሸጣሉ፤ ለአጭር እግር ይህ ረጅም ነው። 172.5 የነበረውን በ165 ቢቀይሩት፣ ፔዳሉ ከታች በ7.5 ሚሊ ሜትር ስለሚቀርብዎት ኮርቻውን በዚያው ልክ ከፍ ያደርጋሉ፤ ከላይ ደግሞ ፔዳሉ በ7.5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። በጠቅላላው እግርዎ ከላይ ሲደርስ ከዳሌዎ አንጻር በ15 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያልፋል ማለት ነው። በሌላ መንገድ ይህን ያህል ክፍተት ማግኘት ከባድ ነው።

ጉልበት እቀንሳለሁ ብለው አይስጉ። በክንድ ርዝመት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት ከ145 እስከ 170 ሚሊ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ሰው ሊያወጣ የሚችለው ከፍተኛ ኃይል እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት የለውም፤ አካል ፔዳሉን ትንሽ ፈጠን አድርጎ በመምታት ልዩነቱን ያካክሳል። በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች እግርዎ በትንሽ ክብ የሚዞር ይመስልዎታል፤ ማርሹን አንድ ደረጃ አቅልለው ይንዱ። ኮርቻው ከፍ ሲል በእሱና በክርን ማሳረፊያው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ስለሚሰፋ፣ ማሳረፊያውንም በመጀመሪያ በ7.5 ሚሊ ሜትር አብረው ከፍ ያድርጉት፤ ጉልበትዎ በነፃነት ማለፉን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ በጥቂት በጥቂቱ ያውርዱት።