«ልጄ ለቅሶ ለቅሶ ይጫወታል፣ ልከልክለው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ካረፈ አራት ወር ሆነው። አንድ ልጅ አለን፣ ስድስት ዓመቱ ነው። ያኔ ዘመድ ተሰብስቦ «ሕፃን ነው፣ ምን ያውቃል፣ አትንገሪው» ስላለኝ አባትህ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል አልኩት። ለቅሶው እስኪያልፍም እህቴ ቤት አቆየሁት። አንድ ቀን አልቅሶ አያውቅም። ስለ አባቱም ጠይቆኝ አያውቅም። ግን ከሁለት ወር ወዲህ አንድ ጨዋታ አመጣ። ነጠላዬን ከሶፋው እስከ ወንበሩ ወጥሮ ድንኳን ይሠራል። ውስጡ ቆርኪ ይደረድራል፣ ለቀስተኞች ናቸው። ቀይ መኪናውን በካልሲ ጠቅልሎ ትራስ ሥር ይቀብራል። ከዚያ በሲኒ ጠጠር ይዞ ንፍሮ ነው እያለ ያዞራል። አንዷን ቆርኪ ግን ሁሌ ከድንኳኑ ውጪ ነው የሚያስቀምጣት። «ይሄስ ለምን አይገባም?» ስለው «እሱ አልተነገረውም» አለኝ። ጎረቤቴ ሟርት ነው፣ ቆርኪውን ሰብስበሽ ጣይበት ትላለች። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በጨዋታና በስዕል የሚያክሙ ባለሙያዎች አሉ አለችኝ። ግራ ገባኝ። ልከልክለው?
(እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። ቆርኪዎቹን እንዳትጥያቸው።

የልጅን ጨዋታ እንደ ሕልም መፍታት አልወድም፤ ብዙ ጊዜ የምንፈታው የራሳችንን ፍርሃት ነው። ይቺን ከድንኳኑ ውጪ የቀረችውን ቆርኪ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ልጅሽ ጥቁር ለብሰሽ አይቶሻል። ሰው ሲገባና ሲወጣ፣ እሱ ሲመጣ ወሬ ሲቋረጥ አይቷል። የአባቱ ጫማ ከበሩ ሥር ሲነሳም ሳያይ አይቀርም። አንድ ነገር እንደሆነ ያውቃል፣ የሚነግረው ሰው ነው ያጣው። አንቺን መጠየቅ ደግሞ የከበደው ይመስለኛል፤ ልጆች እኛን ከማስለቀስ ዝምታን ይመርጣሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ንገሪው። ዛሬ ነገ አትበይ፣ ከሌላ ልጅ አፍ ከመስማቱ በፊት ካንቺ ይስማ። እቅፍ አድርገሽው፣ በአጭር ቃል፦ «አባባ ሞቷል። ሰው ሲሞት አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አያመውም፣ ተመልሶም አይመጣም። ክፍለ ሀገር ሄዷል ያልኩህ እንዴት እንደምነግርህ ስላላወቅኩ ነው፣ ይቅርታ።» አብዛኞቹ ልጆች ሞት መመለሻ እንደሌለው የሚረዱት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ስለሆነ ያንኑ ጥያቄ አሥር ጊዜ ሊጠይቅሽ ይችላል፣ አሥሩንም ጊዜ መልሺለት። «ተኝቷል» አትበይው፣ ማታ መተኛት ይፈራል። «እግዚአብሔር ስለወደደው ወሰደው» ብቻ ከተባለም አንዳንድ ልጅ ቀጥሎ እናቴንም ይወስዳታል ብሎ ይሰጋል። እግዚአብሔር ዘንድ ነው ማለት ያጽናናሽ ከሆነ በዪው፣ ግን መሞቱን በግልጽ ከነገርሽው በኋላ። አንድ ነገር አደራ፦ «ያንተ ጥፋት አይደለም» በዪው። ልጆች አባቴን ስላስቸገርኩት ነው ብለው ብቻቸውን ይሸከሙታል፣ ለማንም ሳይናገሩ።

ነግረሽው ሲያበቃ ተነስቶ ኳስ ሊጫወት ይችላል። አይክፋሽ። የልጅ ሐዘን እንደ በልግ ዝናብ ነው፣ መጣ ሲሉት ያባራል፣ አባራ ሲሉት ይመጣል።

አሁን ወደ ጨዋታው። ባልደረባሽ ልክ ናት፣ የጨዋታ ሕክምናና የስዕል ሕክምና የሚባል ሙያ አለ፣ ከጀመረም ቆይቷል። ለንደን ውስጥ ማርጋሬት ሎወንፌልድ የምትባል ሐኪም በ1920ዎቹ መጨረሻ (ይኼና ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው) ለልጆች አሸዋ የተሞላ ትሪ፣ ውኃና ትንንሽ አሻንጉሊቶች ሰጥታ «ዓለም» እንዲሠሩበት አደረገች። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቨርጂኒያ አክስሊን በ1947 ባወጣችው ሥራ፣ ጨዋታውን የሚመራው ልጁ ራሱ ነው፣ ባለሙያው ይከተላል የሚለውን መንገድ አስቀመጠች። ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ «አዝኛለሁ፣ ፈርቻለሁ፣ ተናድጄባችኋለሁ» ብሎ ቁጭ ብሎ አያወራሽም፤ ቃሉ ገና የለውም። ዕቃቃ ግን አለው። መቅበር፣ መሸፈን፣ ቆፍሮ ማውጣት ይችላል። በእውነተኛው ቀን ማንም ምንም አልጠየቀውም፣ ነጠላው ሥር ግን ማን እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። እያንዳንዷ ዙር ያን ትልቅ ነገር በእጁ በሚያዝ መጠን ታሳንስለታለች።

አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ የሠለጠነ ሰው እንደ ልብ አይገኝም። የምስራቹ ግን፣ በ1960ዎቹ በርናርድና ሉዊዝ ገርኒ የሚባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ወላጆችን ራሳቸውን አሠልጥነው በሳምንት አንዴ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከልጃቸው ጋር በዚሁ መንገድ እንዲጫወቱ አደረጉ፣ ዘዴው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የተሟላው ሥልጠና ባይኖርሽም ዋናውን ነገር ቤትሽ መጀመር ትችያለሽ።

ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት ለሱ ብቻ አውጪ። ስልክሽን አጥፊ፣ ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ቆርኪዎቹና መኪናው ይኑሩ፤ ሊጥ ወይ ጭቃ፣ ወረቀትና ከለር፣ ቤተሰብ የሚመስሉ ሁለት ሦስት አሻንጉሊቶች ጨምሪ። ከጨርቅ ሰፍተሽም ይሆናል። ከዚያ ወለሉ ላይ አጠገቡ ቁጭ በይ፣ እሱ ይምራ። አትጠይቂ፣ አታርሚ፣ አታስተምሪ። የምታዪውን ብቻ በዪ፦ «መኪናዋን ጠቀለልካት።» «ዛሬ ብዙ ሰው መጣ።» ንፍሮ ካዞረልሽ ተቀብለሽ ብዪ። «ያቺ ቆርኪ አባባ ናት?» አትበዪው፤ ጨዋታው ውስጥ ያለው ነገር ጨዋታው ውስጥ ይቆይ፣ ሲፈልግ ራሱ ያወጣዋል። ወሰን ግን ያስፈልጋል። ሊመታሽ ቢቃጣ «እንደተናደድክ ገብቶኛል፣ እኔን መምታት ግን አይቻልም፣ ትራሱን ምታ» በዪው። ሰዓቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ንገሪው፣ ሲያልቅ ደግሞ በቃ ማለት በቃ ነው።

ስዕል ላይም ያው ነው። ጥቁር ከለር አበዛ ብለሽ አትደንግጪ፣ ጥቁሩ ቀለም ረጅም ስለነበረም ሊሆን ይችላል። «ይሄ ምንድን ነው?» ከማለት «ስለ ስዕልህ ንገረኝ» ይሻላል። ካልነገረሽም ይቅር። ጥሩ ነው መጥፎ ነው አትበዪ፣ አስቀምጪለት።

ባለሙያ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ካሊፎርኒያ ቻውቺላ የምትባል ከተማ ውስጥ በ1976 ሃያ ስድስት ልጆች ከትምህርት ቤት አውቶቡሳቸው ላይ ታግተው ከመሬት በታች ተቀብረው፣ በኋላ አምልጠው ወጥተው ነበር። ከዚያ በኋላ ሌኖር ቴር የምትባል የልጆች ሳይካትሪስት ስታጠናቸው አንዳንዶቹ የደረሰባቸውን የሚመስል ጨዋታ ምንም ሳይለውጡ፣ ሳይቀላቸውም፣ ደጋግመው ሲጫወቱ አገኘች። አንቺም እሱን አስተውዪ። ከነገርሽው በኋላ ጨዋታው ይለወጣል ወይ? አዲስ ሰው ይገባል? ውጪ ያለችው ቆርኪ ትነቃነቃለች? ይስቃል? ከሆነ መንገድ ላይ ነው። ነገር ግን ሳምንታት አልፈው አንዲት ነገር ካልተለወጠች፣ ከጨዋታው ሲነሳ ይበልጥ ከተጨነቀ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ ከጀመረ፣ መብላት ወይ መተኛት ካቃተው፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መሄድ ነውር የለበትም። «አባባ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ» ቢልሽ ደግሞ አትቆጪው፣ ምን ማለቱ እንደሆነ በእርጋታ ጠይቂው። መሞት ወይም ራሱን መጉዳት ማለቱ ከሆነ ቀን አትቁጠሪ፣ ያኔውኑ ውሰጂው።

አንቺስ ማን አለሽ? እሱ ሲጫወት አጠገቡ መቀመጥ ላንቺም ከባድ ነው። ዕንባሽ ቢመጣ ይምጣ። «እኔም አባባ ናፍቆኝ ነው» በዪው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ወዲህ የስምንት ዓመቷ ልጄ ክፍል ውስጥ መናገር አቁማለች። ትምህርት ቤቱ የጨዋታ ቴራፒ ትጀምር አለኝ። ልጅ ለመጫወት ሐኪም ያስፈልጋታል? ደግሞስ ባለሙያዋ አማርኛ አትችልም፣ የቤታችንን ነገር እንዴት ይገባታል?
(አባት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሁን በላቸው። ከውጪ ሲታይ ጨዋታ ነው፣ ውስጥ ያለችው ሴት ግን ልጅህን ዓይኗን ሳትነቅል ከ30 እስከ 50 ደቂቃ የምትከተል ሰው ናት፤ ያን ያህል ጊዜ ሥራና ፍርድ ቤት መሐል የሚሮጥ ወላጅ ከየት ያመጣል? መናገር ላቆመች ልጅ ደግሞ ቃል የማይጠይቅ ክፍል ትልቅ እረፍት ነው። ስትሄድ የሥራ ፈቃዷንና የጨዋታ ቴራፒ ሥልጠናዋን ጠይቅ፣ መጠየቅህ አያስቀይማትም።

የአማርኛው ነገር ትክክል ነው፣ ግን መፍትሔ አለው። ከትምህርት ቤቱና ከባለሙያዋ ጋር ለምትነጋገሩበት ስብሰባ አስተርጓሚ ጠይቅ። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፣ አማርኛም በደንብ ከሚታወቁት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጅህን ራሷን ግን አታስተርጉማት፣ የእናትና አባቷን ጠብ በሁለት ቋንቋ መሸከም የለባትም። ለባለሙያዋ ስለ ቤታችሁ ንገራት፦ አያቷ ምን ትላታለች፣ እሑድ የት ትሄዳላችሁ፣ ቤት ውስጥ በየትኛው ቋንቋ ነው የምትቆጣው። እናቷም የራሷን ትንገራት፣ ለየብቻ ቢሆንም።

ልጅህ ከቴራፒው ስትወጣ መኪና ውስጥ «ምን ተጫወታችሁ? ምን አልሻት?» አትበላት። እዚያ የሆነው የሷ ነው። ራበሽ ወይ በላት።