ያገለገለ ላፕቶፕና የቤት ውስጥ ኤክስሬይ፦ ከመክፈልሽ በፊት ይህን አንብቢ

እህቴ፣ ለ13 ዓመት ልጅሽ ርካሽ ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዢ እንደሆነና እሱ ደግሞ በቪዲዮ ያየውን ኤክስሬይ ማንሻ ቤት ውስጥ ልሥራ እንዳለሽ ጽፈሻል። ሁለቱም በእኔ ቤት ያለፉ ናቸው።

1. ክሮምቡክ (የጉግል ክሮምኦኤስ የሚጠቀም ላፕቶፕ) ከሆነ ሻጩ ፊት ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍተሽ (ፓወርዋሽ ይሉታል) ከዋይፋይ ጋር አገናኝተሽ እንደ አዲስ አስነሺው። የትምህርት ቤት ወይም የድርጅት ስም ይዞ ከመጣ ትተሽው ውጪ፣ በነፃም ቢሰጡሽ። ከቀድሞ ባለቤቱ መዝገብ ስላልወጣ መቶ ጊዜ ብታጸጂው ተመልሶ እዚያው ይገባል። ሊፈታው የሚችለው የዚያ ተቋም አስተዳዳሪ ብቻ ነው። እኛን ሻጩ እያወቀ ሸጠልን፤ ስንመልስለት «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» አለ። ተቋሙ ደግሞ ባሰ። ሠራተኛዋ ተከታታይ ቁጥሩን እንኳ ሳታይ «ከግለሰብ ጋር አንነጋገርም» ብላ ደጅ አስጠናችኝ። ልጄ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል! ደረሰኙን ይዤ በቀጥታ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ገባሁ፤ እሱ ተቀምጦ ሳለ ከመዝገቡ አወጣልኝ። ያን ያህል ቀላል ነገር ነበር፣ እስካሁን ያበሳጨኛል። አንቺም ደረሰኙ ላይ ተከታታይ ቁጥሩን አስጽፊ።

2. ክሮምቡክ ዝማኔ የሚያቆምበት ቀን አለው፤ ቅንብሮች ውስጥ ይገኛል። ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ 32 ጊጋባይት ማከማቻው ቦርዱ ላይ የተበየደውን አትግዢ፣ ዝማኔ ሲመጣ ቦታ ያጣል፣ መቀየርም አይቻልም።

3. ኤክስሬዩን በፍጹም አትፍቀጂ። የጥርስ ሐኪም ማሽን እንኳ ከ60 እስከ 70 ሺህ ቮልት ይጠቀማል፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰው ይገድላል። ጨረሩ ደግሞ አይታይም፣ ሲነካም አያምም። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ እጆቹን ለኤክስሬይ ሲያጋልጥ ኖሮ በ1904 እ.ኤ.አ. በካንሰር ሞተ፤ ኤዲሰንም የኤክስሬይ ምርምሩን እርግፍ አድርጎ ተወው። ይህን ታሪክ ለልጄ ስነግረው ከእኔ ቁጣ ይልቅ እሱ አሳመነው።

ግን ከልክለሽ ብቻ አትተዪው፣ የልጁ ፍላጎት ትልቅ ነገር ነው። የእኔ ልጅ ሲቲ ስካን (የሰውነትን ውስጥ በኤክስሬይ ከየአቅጣጫው አንስቶ የሚያሳየው ማሽን) የሚሠራበትን ስሌት በተራ ብርሃን ሠራው። የላፕቶፑን ስክሪን ሙሉ ነጭ አደረገና ፊቱ ውኃ የሞላ ባለ አራት ማዕዘን የመስታወት ሳጥን አቆመ። ውኃው ውስጥ ቀለም የተቀላቀለበት ጄላቲን አንጠልጥሎ፣ በየ2 ዲግሪው እያዞረ እስከ 180 ዲግሪ በስልክ አነሳው። ውኃው ብርሃኑ እንዳይታጠፍ ይረዳል። የስልኩን አውቶማቲክ የብርሃን ማስተካከያ አጥፉት፣ አለበለዚያ ፎቶዎቹ አይነጻጸሩም፤ እኛን ከሁሉ ያደከመን ይህ ነው። ከዚያ የእያንዳንዱን ፎቶ ብርሃን ጄላቲን ለሌለበት ፎቶ ብርሃን አካፍሎ ሎጋሪዝሙን መውሰድና ምልክቱን መገልበጥ፣ ቀጥሎ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ሳይኪት ኢሜጅ በተባለው የምስል መሣሪያ ስብስብ ውስጥ ላለው አይራዶን (ከየአቅጣጫው ከተነሳው የነገሩን ውስጥ መልሶ የሚያሰላ ትእዛዝ) መስጠት ነው። የጄላቲኑ ውስጥ ሳይቆረጥ ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ ሲወጣ እልል አልኩ! በዚያው በተሟገትኩለት ክሮምቡክ ነው የሠራው፣ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ከፍቶበት።

ላፕቶፑን ገና ካልከፈልሽበት የሞዴሉን ስም እዚህ ጻፊልኝ፣ የዝማኔ ቀኑን አብረን እናያለን። የልጄን ኮድም እልክልሻለሁ።