ያገለገለ ኤሌክትሮኒክ ድራም ልግዛ ወይስ ልተወው? የጎንደር ልጆች ጥያቄና መልስ

በጎንደር የሆቴል መድረኮች ድራም እየመታሁ፣ የተበላሸውንም እየፈታሁ እየጠገንሁ ዓመታት አልፈዋል። ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ፣ ከነመልሳቸው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሰው ሮላንድ ቲዲ-6 የሚባል ኤሌክትሮኒክ ድራም ይሸጣል። ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ነው። ልግዛው?

ወንድሜ፣ ዕድሜው ብቻውን አያስፈራህ። መሠረታዊ አሠራሩ ዛሬም ያው ነው፤ ከፓዱ (ከሚመታው ገጽ) ሥር የተለጠፈች ስስ ክብ ሳህን የምቱን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ትለውጣለች፣ ሞጁሉ፣ ማለትም ፓዶቹ ሁሉ በገመድ የሚገናኙበት ሳጥን፣ ደግሞ ድምፁን ያወጣል። የሚያረጁት ጎማው፣ ገመዱና የሃይሃቱ (በእግር የሚከፈተውና የሚዘጋው ሲምባል) ፔዳል ናቸው። ስለዚህ የራስህን ጆሮ ማዳመጫና መምቻ ይዘህ ሂድ። እያንዳንዱን ፓድ በጣም ቀስ ብለህ ጀምረህ እያጠነከርህ ምታ፤ ድምፁም አብሮ ማደግ አለበት። ለቀላል ምት ዝም ብሎ በድንገት የሚጮህ ፓድ ካገኘህ መጀመሪያ ገመዱን ከሌላ ፓድ ጋር ቀይር፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ሶኬቱ ላይ ገመዱን ነካ ነካ አድርግ፤ ከተንኮሻኮሸ ውስጡ ብየዳው ተሰንጥቋል። ሲምባሉን መትተህ ጠርዙን በጣትህ ያዝ፤ ያ ሞዴል ይህን የሚችል ከሆነ ድምፁ ወዲያው መቆም አለበት። ሃይሃቱ ላይ ግን አትቸኩል። ፔዳሉን በዝግታ ስትረግጥ ክፍት፣ ግማሽና ዝግ ድምፅ በየተራ መስማት አለብህ። እዚህ ጎንደር ምትኩ በቀላሉ አይገኝም፤ የሌላ ኩባንያ ፔዳልም ብዙ ጊዜ አይስማማውም። ሃይሃቱ ካልሠራ እኔ አልገዛም።

ጥያቄ፦ ሻጩ አዳፕተሩ ጠፍቶብኛል ይላል። የራውተር አዳፕተር ይሆናል?

እባክህ እንዳትሞክረው። የሮላንድ ሞጁሎች በአብዛኛው 9 ቮልት ሆነው የመሰኪያቸው ውስጠኛ ክፍል ኔጌቲቭ ነው፤ የያማሃ ደግሞ በአብዛኛው 12 ቮልት ሲሆን ውስጡ ፖዘቲቭ ነው። ከሞጁሉ ጀርባ የተጻፈውን አንብብ፣ ምልክቱንም አስተያይ። ከጃፓን የመጣ አዳፕተር ለ100 ቮልት፣ ከአሜሪካ የመጣው ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ መስመር 220 ነው። እኔ ይህን ሳላነብ ሰክቼ፣ ለወራት ያጠራቀምሁበትን ሞጁል በአንድ ምሽት አጥቻለሁ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ እኔ እናት ነኝ፤ መሣሪያውን አላውቀውም። ለልጄ ልግዛለት?

እርስዎ ይግዙለት፤ ግን የሚያስተምረውን ሰው ይዘው ይሂዱ። ከጎማ ፓድ ይልቅ መረብ ፊት ያለው ለእጅ አንጓው ይሻለዋል። የቤዝ ፔዳሉና (ትልቁን ድራም በእግር የሚመታው) መቀመጫው በዋጋው ውስጥ መኖራቸውንም ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ተነጥለው ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ጎረቤት ይረበሻል?

በጆሮ ማዳመጫ ብትጫወትም የቤዝ ፔዳሉ ንዝረት በወለሉ አልፎ ታች ቤት ይደርሳል። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅና ምንጣፍ አንጥፍ፣ ከመሸ በኋላም መምታቱን ተው።

ጥያቄ፦ አንድ ፓድ አይሠራም፤ ሻጩ «ትንሽ ጥገና ነው» ይለኛል።

ትንሽ ከሆነ እርሱ አስጠግኖ ይሽጥልህ።

ጥያቄ፦ በእንዲህ ያለ አሮጌ ድራም ችክችካ ያምራል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ስድስት ስምንተኛውን ምት ፓዱ ላይ መጫወት አያስቸግርም፤ የሚጎድለው የከበሮው ድምፅ ነው። ብዙዎቹ የቆዩ ሞጁሎች ራስህ የቀዳኸውን ድምፅ አይቀበሉም። ነገር ግን ከጀርባቸው ባለ አምስት ቀዳዳ ክብ የሚዲ ሶኬት አላቸው፤ ሚዲ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ያለ መግባቢያ ስለሆነ በአንድ ማገናኛ ገመድ ከዛሬው ኮምፒውተር ጋር ይነጋገራል። የከበሮውን ሰፊና ጠባብ ፊት፣ ቀስ ብሎም በኃይልም ተመትቶ፣ ለየብቻ ቅዳ። ከዚያ በኮምፒውተሩ የድምፅ ፕሮግራም ሰፊውን ለቤዙ ፓድ፣ ጠባቡን ለስኔሩ (ለትንሹ ድራም) ፓድ ስጥ። ድምፁ ከምትህ ዘግይቶ ከመጣ የፕሮግራሙን በፈር (ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅምበትን መጠን) ቀንስ። እኔ አሁን መድረክ ላይ የምጫወተው በዚህ ነው።