ትዕዛዝ ለምትቀበዪው እህቴ፦ ክርክሩን ብሩ ከመቅለጡ በፊት ጨርሺው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ቤትሽ ሆነሽ የብርና የዶቃ ጌጥ ትሠሪያለሽ፤ አንዱ አዝዞ ስልኩን ይዘጋል፣ ሌላው «ይህችን ለምታክል ብር ይሄ ሁሉ?» ይልሻል፣ ዘመድ ደግሞ ነጻ በሚባል ዋጋ ይወስዳል። ዋጋ ልቀንስ ወይስ ትዕዛዝ መቀበሉን ልተወው ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ጎንደር ብር እየሠራሁ ነው የምኖረው፤ ሁለቱንም አታድርጊ ባይ ነኝ። ሠሪና ደንበኛ ሲጣሉ ብዙ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜ የሚጣሉት እሳቱ ከመንደዱ በፊት በሁለት ደቂቃ ሊነገር ይችል በነበረ ነገር ነው።

መጀመሪያ ዋጋ ስትናገሪ የብሩንና የእጁን ለያይተሽ ተናገሪ። ደንበኛው የግራሙን ዋጋ ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች ጠያይቆ ነው የሚመጣው። አንድ ድምር ቁጥር ከነገርሽው ሁሉንም በብር ብቻ አስልቶ «አጭበረበረችኝ» ቢል አይፈረድበትም። እኔ ሚዛኑን ፊቱ አስቀምጣለሁ፤ ብሩ ይሄን ያህል ግራም፣ የዛሬ ዋጋው ይሄ፣ የእጅ ዋጋዬ ይሄ። በእጁ ላይ የሚከራከር ካለ ግማሽ ላይ የደረሰ መስቀል አሳየዋለሁ፤ ቀጭኑ ሽቦ ተጠምዝዞ፣ በጉጠት ተይዞ፣ ገና ሳይበየድ። ብር የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ ነው፣ መበየጃው ከዚያ ዝቅ ብሎ። እሳቱ ትንሽ ካለፈ የቀኑ ሥራ አብሮ ይፈሳል። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ አይከራከርም። የሚከራከርም አለ፤ እሱን ወደ ወርቅ ቤቶቹ ሸኚው፣ አትለማመጪው።

(የአንጥረኛን እጅ እየፈለጉ አንጥረኛውን መናቅ እዚህ አገር የቆየ ነገር ነው። እዚሁ ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ማረሻውንም ማሰሮውንም እየሠሩ «ቡዳ» ነበር የሚባሉት። ዛሬ ስሙ ቀረ እንጂ «ይቺ እኮ የእጅ ሥራ ናት» ተብሎ ዋጋ ሲቆረጥ ያው ነው የሚሰማኝ።)

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው ግን የራሱን ብር ይዞ የሚመጣው ደንበኛ ነው። የአያት አልቦ፣ የተሰበረ መስቀል፣ ማርያ ትሬዛ የሚባለው የንግሥቲቱ መልክ ያለበት የድሮ የብር ሳንቲም። «የድሮ ብር ንጹሕ ነው» ብሎ ነው የሚያመጣልሽ። ማርያ ትሬዛ ግን 28 ግራም ገደማ ይመዝንና ከሺህ እጅ 833ቱ ብቻ ነው ብር፤ ማለትም የተጣራው ከ23 ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ላዩ ላይ ያለው 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን በዚያው ቁጥር ሲመታ ስለኖረ የሳንቲሙን ዕድሜ አይነግርሽም። ደንበኛው 925 የሚባለውን፣ ከሺህ እጅ 925ቱ ብር የሆነ ጌጥ ከፈለገ ንጹሕ ብር መጨመር አለብሽ፣ ጭማሪውን የሚከፍለውም እሱ ነው። ይህን ሳይሰማ ሥራ አትጀምሪ።

ያመጣውን ፊቱ መዝኚ፣ ግራሙን ጻፊ፣ ፎቶ አንሺ። ሲቀልጥና ሲሞረድ እንደሚቀንስም ንገሪው። የሞረድ ብናኙ የማን እንደሆነ ሳይቀር ተነጋገሩ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን «የአያቴን ብር ቀነሰችብኝ» የሚባለው ወሬ የሚነሳው ከዚያች ብናኝ ነው፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ደግሞ ወሬ ከሥራሽ ቀድሞ ይደርሳል።

የቆየ የቤተሰብ ዕቃ ከሆነ በዚያው ቀን አላቀልጥም። አንዲት ልጅ ለሠርጓ ቀለበት የሚሆን የአያቷን አልቦ አምጥታልኝ ነበር። ቤት ያሉት ያውቃሉ ወይ ስላት «አዎ» አለች። አሳድሬው በማግስቱ አክስቷ መጡ፤ «ልጄ፣ እሱ የእናቴ ነው፣ እባክሽ አታጥፊው» አሉኝ። ቀለበቱ በሌላ ብር ተሠራ፣ አልቦውን ሙሽራዋ ራሷ በመልሱ ቀን አደረገችው። አክስትየው እስከ ዛሬ ደንበኛ ይልኩልኛል።

አዝዞ ስለሚጠፋው። ቀብድ ሳትቀበዪ ጉጠት አታንሺ። ቀብዱ ቢያንስ የብሩን ዋጋ ይሸፍን፤ ስም የሚቀረጽበት ከሆነ ሙሉውን ተቀበዪ፣ የሌላ ሰው ስም ያለበትን ቀለበት ማንም አይገዛሽም። በቴሌብር ላክሁ የሚል ካለ የእሱን ፎቶ ሳይሆን የራስሽን መልእክትና ሒሳብ እዪ። ቀጥሎ የተስማማችሁትን በቴሌግራም ጻፊለት፦ ምን ዓይነት፣ ስንት ግራም፣ ስንት ብር፣ መቼ። «አዎ» ብሎ እስኪመልስ ጠብቂ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ሲተው ቀብዱ ይቀርበታል ይላል። አዝዞ ስልኩን ለዘጋብሽ ሰውም፣ አሁን እጅሽ ላይ ለቀረው ጌጥ የመጨረሻ ቀን ጽፈሽ ላኪለትና ካልመጣ ሽጪው። ያው ቁጥር ግን ለእኛም አይሳሳም፦ ቀብድ የተቀበለው ከተወ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ የማትጨርሽውን አትቀበዪ።

ይህ ደግሞ ወደ ጥር ያመጣናል። እዚህ ጥምቀትም ሠርግም ተከታትለው ነው የሚመጡት፤ ጥር 11 ፋሲል መዋኛ ለመውረድ መስቀልና ጉትቻ የሚፈልገው፣ ከዚያ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ሙሽራው፣ ከውጭ ለበዓል የሚመጣው ዘመድ። ሁሉም የሚያስታውስሽ ከገና በኋላ ነው። እኔ ለጥምቀት የሚደርስ ትዕዛዝ ከገና በፊት እዘጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለመጣ ተሠርቶ ከተቀመጠው እንዲመርጥ አሳየዋለሁ። ቀን ስትሰጪም መብራት የሚጠፋበትን ጨምረሽ ስጪ። ሐሙስ ይደርሳል ብለሽ ማክሰኞ ብትሰጪ ማንም አይቀየምሽም።

ለዘመድ፣ ወይ ሙሉ ዋጋ ወይ ሙሉ ስጦታ። ለእህትሽ ልጅ ሠርግ ጉትቻውን በነጻ ስጪ፣ ይመረቅልሽ። ግማሽ ዋጋ ግን አንቺንም አያጠግብ፣ እነሱም ውለታ አይሉት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያንኑ ዋጋ ይጠይቅሻል።

ስለ ቀለበት አንድ ነገር ልጨምር፣ አልጠየቅሽም ግን ትጠይቂያለሽ። በክር ተለክቶ በፎቶ በሚላክልሽ ልክ አትተማመኚ፤ ክር ይሳባል። በቀለበት መለኪያ ለኪ፣ ያውም ጠዋት በብርድ ሳይሆን ቀን ላይ ጣት ሲሞቅ፤ የጣት አንጓው ወፍራም ከሆነ በአንጓው ማለፉን እዪ። ሩቅ ላለ ደንበኛ አፉ ክፍት የሆነና የሚጠብ የሚሰፋ ቀለበት ይሻላል። ኒኬል የሆነውንም ኒኬል ነው ብለሽ ሽጪ፤ ርካሽ መሆኑ አያሳፍርም፣ «ብር ነው» ተብሎ የገዛ ሰው ጆሮው ሲያሳክከው ግን ያስታውስሻል።

«ጠቆረብኝ፣ ብር አይደለም» የሚልም ይመጣል። እውነተኛ ብርም አየር ውስጥ ባለ ድኝ ይጠቁራል፤ ይህን ስታስረክቢ ንገሪው፣ ሽቶ ከተቀባ በኋላ እንዲያደርገው፣ ሲያወልቀው በጨርቅ ጠቅልሎ እንዲያስቀምጠው። እኔ የሠራሁትን መልሼ በነጻ አጥባለሁ፣ ዶቃ ያለበት ከሆነ ክሩንም አድሳለሁ። ለማሳጠብ የሚመጣ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ስለዚህ አዲስ የሠራሽውን ሁሉ የሚቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት አድርጊው።