ከንፈሬ ላይ የቀረው ቀይ ቀለበት

ጠያቂያችን፣ ፍሬንች ሆርን (ቱቦው የተጠቀለለ የናስ መለከት) ከጀመሩ ሁለተኛ ዓመትዎን እንደያዙ፣ ወደ ላይ ሲወጡ ድምፁ እንደሚሰነጠቅብዎ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላም ከንፈርዎ እንደሚዝል ገልጸው የትኛው ልምምድ እንደሚበጅዎ ጠይቀዋል። ይህ የዛሬ ስምንት ዓመት የእኔ ጥያቄ ስለነበር፣ ጥፋትዎ ማውዝፒሱን (ከንፈር የሚያርፍበትን መንፊያ) ከንፈርዎ ላይ መጫን መሆኑን ሳላይዎት እፈርዳለሁ።

አንደኛ፣ ዛሬ ልምምድዎን ሲጨርሱ መስታወት ይመልከቱ። የእኔ ከንፈር ላይ የሚታተመው ቀይ ቀለበት ከምሳ በኋላ እንኳ አይጠፋም ነበር። ያስተማረኝ ሰው «ድምፁ እምቢ ሲልህ ጫን አድርገው» ይለኝ ስለነበር ታዝዤ ጫንኩት። ድምፁ ለጊዜው ይወጣል፤ የታፈነ ከንፈር ግን እንደ ልቡ ሊርገበገብ ስለማይችል፣ በደከመ ቁጥር ይበልጥ እየተጫኑት ይሄዳሉ። በዚህ ሁኔታ ለኦርኬስትራ ፈተና ቀረብኩ። ሁለተኛውን መስመር ሳልጨርስ ከፈታኞቹ አንዱ ቀና ሳይል እጁን አወዛወዘና «ይበቃል፤ ስትወጣ በሩን ዝጋው» አለኝ። አጨዋወቴ ደካማ እንደነበር አልክድም፤ ሆኖም ጉድለቴን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግሩኝ ኖሮ ከዚያ በኋላ በከንቱ የለፋሁበት አንድ ዓመት ይተርፈኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ የግራ እጅዎን ትንሿን ጣት መሣሪያው ላይ ካለው ማቀፊያዋ አውጥተው ይጫወቱ፤ መሣሪያውን ሳያውቁት ወደ ፊትዎ የምትስበው እርሷ ናትና። እኔ ይህን ባደረግሁበት ቀን ከሶል በላይ አንድም ድምፅ አልወጣልኝም፤ ለካ ስጫወት የኖርኩት በክንዴ ነበር። ስለዚህ ላይኛውን ድምፅ እርግፍ አድርጌ ትቼ ወደ መካከለኛው ወረድኩ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጌ አንዱን ድምፅ ከሹክሹክታ አስነሥቼ በስድስት ምት አሳድገዋለሁ፣ በስድስት ምት ደግሞ መልሼ አከስመዋለሁ። አስቸጋሪው ማክሰሙ ነው፤ ትንፋሹ ሲቀንስ ድምፁ ከቃናው እንዳይወርድ ቱነሩን (ቃና መለኪያውን) ፊት ለፊትዎ ያስቀምጡ። አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም አይዝለሉት።

ትንሽ ሲጠነክሩ፣ ሆርንዎ ድርብ ከሆነ (ኤፍና ቢ ፍላት የሚባሉ ሁለት ቱቦዎች ካሉት)፣ በኤፍ በኩል ቫልቭ (የቱቦውን ርዝመት የሚቀይረውን ቁልፍ) ሳይጫኑ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላይኛው ዶ እያሉ ምላስ ሳያስነኩ በትንፋሽና በከንፈር ብቻ ይውጡ፣ ይውረዱም። በሶልና በዶ መካከል ያለው ሰባተኛው ሃርሞኒክ (ቱቦው ቫልቭ ሳይጫኑ በተፈጥሮው ከሚሰጣቸው ድምፆች ሰባተኛው) ዝቅ ብሎ የሚሰማው በእርስዎ ጥፋት ሳይሆን በተፈጥሮው ስለሆነ ይለፉት። የኤፍ ቱቦ 3.7 ሜትር ያህል፣ የቢ ፍላቱ 2.7 ሜትር ያህል ነው፤ በረጅሙ ቱቦ ላይ ሃርሞኒኮቹ ይበልጥ ስለሚቀራረቡ ከንፈር በጥቂቱ ሲስት ጎረቤቱ ድምፅ ይመታል። ወደ ቢ ፍላቱ መሸሽ የሚያጓጓው ለዚህ ነው፤ እኔም ስሸሽ ኖሬያለሁ። የቫልቭ ፈልሳፊዎቹ ሽቶልዝልና ብሉመል እ.ኤ.አ. በ1818 የቫልቭ ፓተንታቸውን ከማግኘታቸው በፊት የነበሩት ሆርን ተጫዋቾች ዜማውን ሁሉ ያወጡት በከንፈራቸውና ደወሉ (የመሣሪያው ሰፊ አፍ) ውስጥ በገባው ቀኝ እጃቸው እንደነበር ሳስብ ግን ሰበቤ ሁሉ ያሳፍረኛል።

ሦስተኛው ስለ ዕረፍት ነበር፤ የተጫወቱትን ያህል ይረፉ ከማለት ሌላ የምጨምረው የለኝም። እኔ በዚህ መንገድ ከአሥራ አራት ወር በኋላ እዚያው ፈታኞች ፊት ቀርቤ እስከ መጨረሻው መስመር ተጫወትኩ፤ የሦስተኛ ሆርን ወንበርም ተሰጠኝ። ላይኛው ድምፅ የሚበዛው በአንደኛውና በሦስተኛው ሆርን ላይ መሆኑን የሚያውቅ ደስታዬን ይረዳልኛል። በሩን ዝጋ ያለኝ ሰው ፊቴን አላስታወሰውም፤ እኔ ግን የእርሱን አልረሳሁትም።

ከሁሉ በፊት ግን ቀለበቱ የት ላይ እንደሚታተም አይተው ይጻፉልን። ከማውዝፒሱ ሁለት ሦስተኛው ያህል ላይኛው ከንፈር ላይ፣ አንድ ሦስተኛው ታችኛው ላይ ማረፍ አለበት፤ የእርስዎ ተገልብጦ ከሆነ የነገርኩዎትን ከመጀመርዎ በፊት እርሱን ያስተካክሉ።