ከልጆች ጋር ሐይቅ ዓሣ ለማጥመድ ላሰብከው ወንድሜ፦ ዘንጉን ሳትገዛ ይህችን አንብብ

ጥያቄህን አየሁት። «ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። ከፋሲካ በኋላ ዓሣ ላስጠምዳቸው አስቤያለሁ። ቦርከና ዳር ጎርፉ ትቶት የሄደው ኩሬ ይሻላል ወይስ ደሴ አካባቢ ሐይቅ የሚባለው ሐይቅ ልውሰዳቸው? ምን ዓይነት ዘንግ ልግዛ?» ነው ያልከው። እስካሁን የመለሱልህ ሰዎች «ሂድ፣ ደስ ይላል» ብቻ ነው የሚሉህ። እኔ ደሴ ነኝ። አምና ሚያዝያ ላይ ልክ ያንተን ሐሳብ ይዤ ተነስቼ በደንብ ተቃጥያለሁ። አንተ እንኳ ትረፍ።

1. ቦርከናን እርሳው። ወንዙ የደሴን ቆሻሻ ይዞ ነው የሚወርደው፤ እናንተ ጋ ሲደርስ የፋብሪካው ፍሳሽ ይጨመርበታል። ኩሬው ውስጥ አምባዛ አይጠፋም። አምባዛ ከላይ አየር እየሳበ ጭቃ ውስጥም የሚኖር ዓሣ ነው። ግን ኖረ ማለት ይበላል ማለት አይደለም። ልጅ ደግሞ የያዘውን ዓሣ «አይበላም» ብትለው አይሰማህም። የእኔ ልጅ በላስቲክ ጠቅልሎ ቤት አምጥቶ ፍሪጅ ውስጥ ከቲማቲም ስር ደብቆት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሲሸት ነው ያገኘነው።

2. ሐይቅ ሂድ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ስትደርስ ጭጋግ ሆኖ ካገኘኸው ተስፋ አትቁረጥ። ሐይቅ ከደሴ በጣም ዝቅ ይላል፤ እዚህ ጃኬት ለብሰን እዚያ ጸሐይ ይጠብቀናል።

3. ዘንግ አትግዛ። አዎ፣ አትግዛ። እኔ ገዝቻለሁ። ከአዲስ አበባ በሰው ያስመጣሁት፣ ባለ ማዞሪያ፣ ተጣጣፊ፣ 4,500 ብር የወጣበት። ሻጩ በስልክ «ይሄ 20 ኪሎ ዓሣ ያወጣል» ሲለኝ ልቤ ሄደ። 20 ኪሎ ዓሣ ምን እንደማደርገው እንኳ አላሰብኩም። ክሩ ወፍራም፣ መንጠቆው የበግ ሥጋ የሚሰቀልበት የሚመስል። ለባለቤቴ 1,200 ነው አልኳት። (እዚህ ግሩፕ የለችም።)

ዘንጉ ከመጣ በኋላ ደግሞ ሰው ሆኜ «ሕጋዊ ላድርገው» አልኩ። እዚህ ላይ ነው አንድ ቀን ተኩል የጠፋብኝ። አንድ ቢሮ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። መስኮቷ ጋ ያለው ሰውዬ ስልኩን ሳይለቅ «ማህበር ነህ ወይስ ግለሰብ?» አለኝ። «አባት ነኝ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «በወር ስንት ኪሎ ታወጣለህ?» «ምንም አላወጣሁም፣ ከልጆቼ ጋር ለመዝናናት ነው።» «እንግዲህ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ።» ቀበሌ ሄድኩ። ቀበሌዎቹ «የምን ደብዳቤ?» ብለው ሳቁ፤ ግን ጻፉልኝ፣ ማህተም መቱልኝ። ተመለስኩ። ሰውዬው ደብዳቤውን አገላብጦ አየና «ለመዝናኛ ከሆነ እኛን አይመለከትም» አለኝ። ይህን ጠዋት ቢለኝ ምን ነበረበት? ደብዳቤው እስካሁን አለኝ። በፍሬም ልሰቅለው ነበር።

ሐይቁ ዳር ስትደርስ ማህበር ያላቸው አጥማጆች አሉ። ሰላም በላቸው፣ የት ብትቀመጡ እንደማትረብሿቸው ጠይቃቸው። የዓመቱ ደንብም፣ የሚዘጋ ቦታም ካለ የሚነግሩህ እነሱ ናቸው። እኔን ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «መረባችንን አትንኩ።» አለቀ። ሻይም ጋብዘውኛል።

4. የቦታው ነገር። ትልቁ ስህተቴ ይኸው ነው፣ ከዘንጉም ይብሳል። «ትልቅ ዓሣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ነው» ብዬ ልጆቹን ይዤ ድንጋያማው ዳርቻ ላይ ወጣሁ። ሐይቁ መሐሉ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ በዚያ በኩል ደግሞ ከዳሩ ጀምሮ ገደል ነው። ትልቋን ልጄን በአንድ እጄ ይዤ፣ በሌላው ዘንግ እያዞርኩ፣ ባለቤቴ ከኋላ «ያዘው! ትንሹን ያዘው!» እያለች ሦስት ሰዓት ቆምን። አንድም ዓሣ አልነካንም። መንጠቆው ሁለቴ ድንጋይ ያዘ፣ ሦስተኛው ላይ ተበጥሶ ቀረ። ትንሹ «አባዬ፣ ዓሣ የሚባል ነገር እውነት አለ?» አለኝ።

ያዳነን የሰፈሩ ልጅ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ከሩቅ ሲያየን ቆይቶ መጣና «ጋሼ፣ እዚህ ቆሮሶ የለም፣ ቆሮሶ ሣሩ ጋ ነው» አለኝ። ቆሮሶ ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ ነው። የእሱ ዘንግ ሸምበቆ ነው። ክሩ የልብስ ስፌት ክር የሚያክል ናይለን፤ መንጠቆዋ የትንሽ ጣቴን ጥፍር አታክልም። ተንሳፋፊው ከተበጠሰ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ስፖንጅ ነው። ተከተልነው። ፊላው (ረጅሙ የውሃ ሣር) ካለበት ወጣ ብሎ፣ ውሃው ለእኔ ከጉልበት የማያልፍበት ቦታ አስቀመጠን። «አትጩኹ፣ ጥላችሁም ውሃው ላይ አይረፍ» አለ። የ4,500 ብር ዘንግ ያለው ሰው ተሰብስቦ ቁጭ አለ።

አሁን እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው። ምግቡ አረንጓዴው ዝቃጭና ጥቃቅን ነገር ስለሆነ በትልቅ መንጠቆ ላይ የተሰካ ሥጋ ምኑም አይደለም። ትል ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታክል፣ በቃ። ጸሐይ ሲወጣ ደግሞ ሞቅ ወዳለው ጥልቀት የሌለው ውሃ ይጠጋል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ልጆቹን ከእንቅልፍ ማንሳት አያስፈልግህም። እኛን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ነው የቀናን። ከሰዓት ነፋስ ተነሳና ስፖንጇ ራሷ በማዕበሉ ስትዘል ዓሣ ነው እያልን ስንስብ ዋልን።

ስፖንጇ መጀመሪያ ትንቀጠቀጣለች። አትሳብ። ከዚያ ወደ ጎን ትንሸራተትና ድንገት ጥልቅ ትላለች። ያኔ ነው። ልጄ ሸምበቆውን በሁለት እጇ ወደ ላይ ስትለው ዓሣው ከራሷ በላይ በርሮ ሣሩ ላይ ወደቀ። ጩኸቷ ሐይቁ ጋ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ገዳሙን ካነሳሁ አይቀር፦ እስጢፋኖስን አብሬ አሳያለሁ ካልክ ሴት አይገባም። ለልጅህ እናት ቤት እያላችሁ ንገራት። እኔ እዚያ ደርሰን ነው የነገርኳት፤ እስከ ደሴ አላናገረችኝም።

5 ይሁን 6 ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ ልጆቹን ግን ባዶ እግራቸውን ውሃ ውስጥ እንዳታስገባ። ቀንድ አውጣ ያለበት የረጋ ውሃ ቢልሃርዝያ ሊኖረው ይችላል፣ የሚገባው ደግሞ በቆዳ ነው። የጎማ ቦቲ ግዛላቸው። እኔ በዘንጉ ብር ለሁለቱም ቦቲ ገዝቼ ይተርፈኝ ነበር።

ደግሞ ቆሮሶ ጀርባው ላይ እሾህ አለው። ከጭንቅላቱ በኩል ወደ ጅራቱ እየደባበስክ ክንፉን አስተኝተህ ነው የምትይዘው። ለልጆቹ አንተ አሳያቸው። እኔ ላሳይ ብዬ መዳፌ ተበሳ፣ ያ የሰፈር ልጅ ሳቁን ለመደበቅ ዞር አለ።

አንድ ነገር ግን እስክሞት አልረሳውም። አራተኛዋን ዓሣ ባልዲ ውስጥ ስንጨምራት አፏን ከፈተችና እንደ ጤፍ የደቀቁ ነገሮች ተፋች። ጠጋ ብለን ስናይ ዓይን አላቸው። ይዋኛሉ። ትንሹ ልጄ «ልጆቿን በልታቸው ነበር!» ብሎ ማልቀስ ጀመረ። የሰፈሩ ልጅ ነው ያስረዳው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። በዚያ ጊዜ ምግብ እንኳ እምብዛም አትቀምስም። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ወደ እኔ ዞራ «አየህ?» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ባልዲውን እንዳለ ቀስ አድርገን ሣሩ መሐል ደፋነው። ስለዚህ የምታጠምደው ለሆድህ ብቻ ካልሆነ አፏ ያበጠ የምትመስለውን ቶሎ ልቀቃት። አሸዋው ላይ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ክብ ካየህም ወንዱ የሠራው ጎጆ ነውና ልጆቹ እንዳይረግጡት።

ከዚያ በኋላ የያዝናቸውን ሐይቅ ከተማ አንዲት ምግብ ቤት ወስደን አስጠበስናቸው። ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ሙሉውን፣ በሎሚና በዳጣ። ሒሳቡን አትጠይቀኝ፣ ገዝተን ብንበላ ይቀል ነበር። ግን ልጄ «ይሄ የእኔ ነው፣ ይሄ የአባዬ ነው» እያለች ስታድል ብታያት! የእኔ አንድ ብቻ ነበር። የእሷ አምስት።

ለሰፈሩ ልጅ በጉርሻ ላይ መንጠቆ ጨምረህ ውሰድለት፤ ከብሩ ይበልጥ ደስ የሚለው እሱ ነው። ዘንጉማ አሁን የልጆቹ ክፍል መጋረጃ ተሰቅሎበታል። ማዞሪያው ግን አልተነካም። የሚፈልግ ካለ በ1,500 እለቀዋለሁ፣ በውስጥ መስመር አናግሩኝ።