ተከትባ የሞተችው ግልገል

ጥያቄ፦ የድመታችንን ግልገል በ7 ሳምንቷ አንዴ አስከትበናት ነበር። በ12 ሳምንቷ አስመለሳት፣ ተቅማጥ ያዛት፣ በሁለት ቀን ሞተች። ሐኪሙ ፓንሉኮፔኒያ (ቫይረስ የሚያመጣው ገዳይ የድመት በሽታ) ነው አለን። አሁን የ9 ሳምንት ግልገል ሊሰጡን ነው። ክትባቱ ካላዳነ ለምን እንደክማለን? ከቤት ለማትወጣ ድመትስ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልጋታል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የግልገልዎ ሞት ያሳዝናል። ክትባቱ ግን ከንቱ አይደለም፤ የጎደለው ተከታዩ ዙር ይመስለናል። ግልገል ከእናቷ እንገር የምታገኘው አንቲቦዲ (በደም ውስጥ ያለ በሽታ ተከላካይ) በሽታውን ብቻ ሳይሆን በክትባቱ ውስጥ ያለውንም ቫይረስ ያመክናል። ይህ አንቲቦዲ በአንዷ በ8 ሳምንት ያልቃል፣ በሌላዋ እስከ 16 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ሦስት በሽታዎችን (ፓንሉኮፔኒያ፣ እንዲሁም ጉንፋን መሰል ሕመም የሚያመጡት ሄርፐስና ካሊሲ) የያዘው ክትባት በየ3 እስከ 4 ሳምንቱ ይደጋገማል። ለአዲሷ በ9፣ በ13 እና በ17 ሳምንቷ ያስወጉ። ከ16 ሳምንት በፊት የተሰጠውን የመጨረሻ አድርገው አይቁጠሩት። ከዚያ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ዕድሜዋ አንድ፣ ቀጥሎ በየ3 ዓመቱ። ሄርፐስና ካሊሲ ከክትባት በኋላም ሊይዟት ይችላሉ፤ ሕመሙ ግን ይቀላል።

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። የክትባቱን ዱቄት ከማሟሟያው ፈሳሽ ጋር እርስዎ እያዩ እንዲቀላቅሉት ይጠይቁ፤ ከተቀላቀለ በአንድ ሰዓት ውስጥ መወጋት አለበት። መጠኑ ለትንሽም ለትልቅም ድመት አንድ ነው፤ አንዱን ብልቃጥ ለሁለት ግልገል ማካፈል ሁለቱንም ያለ መከላከያ መተው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ቤትዎ ነው። የፓንሉኮፔኒያ ቫይረስ እስከ 1 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ሳሙናም አልኮልም አይገድለውም። የሟቿን መተኛ ጨርቅና መጸዳጃ ሳጥን ይጣሉ። ወለሉን መጀመሪያ በሳሙና ያጥቡ፣ ምክንያቱም ቆሻሻ በረኪናን ያዳክማል። ከዚያ 30 ሚሊ ሊትር በረኪና በ1 ሊትር ውኃ በጥብጠው ያፍስሱና 10 ደቂቃ ይተዉት። አዲሷንም የመጨረሻውን ክትባት እስክትጨርስ አሁን ያለችበት ቤት ያቆዩአት።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አዎ፣ ያስፈልጋታል። ግቢ የሚገባ ውሻ ወይም ድመት አይጠፋም። ከ12 ሳምንቷ ጀምሮ፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ፣ ከዚያ በብልቃጡ ላይ በተጻፈው ጊዜ ይሰጣታል። ከነከሰችዎ ወይም ከቧጨረችዎ ብትከተብም ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ከተወጋች በኋላ ግማሽ ሰዓት ክሊኒኩ ይቆዩ። አንድ ሁለት ቀን መፍዘዝ የተለመደ ነው፤ ፊቷ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሳት ወይም መተንፈስ ካቃታት ግን ወዲያው ለሐኪሙ ያሳዩአት።